አልቅት ነው የተባለው

ሰውየው የመጡት ኅዳር ውስጥ፣ ሰኞ ቀን ነው። ሰኞ ሰኞ የእኛ ክፍል ደጅ ቅዳሜ ገበያን ያስንቃል። ልጃቸው ወረፋውን ሰንጥቃ ገባችና «ዶክተር፣ አባቴ አልቅት ጠጥተው ነው። ቶሎ አውጡልንና እንሂድ፣ የቆላ ድባ መኪና ሳያመልጠን» አለች። ችኮላዋ አሳቀኝ። በኋላ ያንን ሳቄን ስንት ጊዜ አስታወስኩት።

እኔ ከአንገት በላይ ሐኪም ነኝ፤ የምሠራው ጎንደር ነው። የታማሚውን ስምም ቀበሌም አልናገርም። ታሪኩ እንዲጻፍ ግን እሳቸውም ልጃቸውም ፈቅደዋል። እንዲያውም «ጻፈው እንጂ፤ ሌላው እንደኔ ትምባሆ ሲጉመጠመጥ እንዳይከርም» ነው ያሉኝ። እዚህ «አባባ» እላቸዋለሁ። ያኔም የምጠራቸው እንዲሁ ነበር።

አባባ 58 ዓመታቸው ነው። የደምቢያ ገበሬ ናቸው፤ ጤፍና ሽምብራ ያርሳሉ። ጉሮሯቸው ውስጥ አንድ ነገር የተወተፈ ያህል መሰማት የጀመራቸው ከ7 ወር በፊት ነው። ቀጥሎ ምራቃቸው ደም እየቀላቀለ መጣ። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ አፋቸውን አስከፍቶ በሞባይል መብራት ሲያይ «አያ፣ ጥቁር ነገር አለ!» አለ። በቃ፣ አልቅት ሆነ።

ይህን ያሉት ከመሬት ተነሥተው አይደለም። የእኛ አገር ገበሬ ከምንጭም ከወንዝም ጎንበስ ብሎ ይጠጣል። ውሃው ውስጥ ያለ ትንሽ አልቅት ከክር አይወፍርም። አፍንጫ ወይም ጉሮሮ ውስጥ ይለጠፍና ደም እየመጠጠ ያብጣል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ስለሚለቅ ቁስሉ ቶሎ አይደርቅም። እና የአልቅት ታማሚ ደም ይተፋል፣ «ጉሮሮዬ ውስጥ አንድ ነገር አለ» ይላል፣ አፉን ሲከፍት ጥቁር ነገር ይታያል። የአባባ ምልክት ከዚህ በምን ይለያል? እኔ ራሴ ስንቱን በፒንሳ ስቤ አውጥቻለሁ።

መጀመሪያ ትምባሆ በውሃ ዘፍዝፈው አጉመጠመጧቸው። ደሙ ለጥቂት ቀን ቀነሰ፣ ተመልሶ መጣ። ቀጥሎ አንድ ክሊኒክ «ቶንሲል ነው» ብሎ አሞክሳሲሊን ሰጣቸው። ከወር በኋላ እዚያው ተመልሰው ሄዱ፣ ያው መድኃኒት ተሰጣቸው። ሁለቱንም ጊዜ ጉሮሯቸውን በደንብ ያየ ሰው የለም። ሌላ ሰው ደግሞ እንጥላቸውን ሊቆርጥላቸው ምላጭ ይዞ መጥቶ ነበር። እዚህ ላይ ልጃቸው አልፈቀደችም፤ እግዜር ይስጣት። ጠበልም ሄደዋል። በጠበሉ ቅር አይለኝም፤ ከሁሉም ጉዳት ያላደረሰባቸው እሱ ነው። ይልቅ እዚያ ያገኙት አንድ ቄስ ናቸው «ይሄ ሐኪም ይየው» ብለው የላኳቸው።

አፋቸውን አስከፍቼ በግንባር መብራት አየሁ። በግራ በኩል፣ ቶንሲሉ ላይ፣ ጥቁር ያበጠ ነገር ተቀምጧል። 3 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ያብረቀርቃል። ከላይ ወደ ለስላሳው ላንቃ ወጣ ብሏል። እውነቱን ልናገር፤ የእኔም እጅ የሄደው ወደ ፒንሳው ነው።

አልቅት እንዳለ አይሳብም። ከጎተትከው ተበጥሶ ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያደነዝዝ ሊዶካይን እረጫለሁ። አልቅቱ ይፈዛል፣ መምጠጫው ይላቀቃል፣ ከዚያ በቀላሉ ይወጣል። ረጨሁ። ጠበቅሁ። ምንም አልተንቀሳቀሰም። በፒንሳው ጫፍ ነካ አደረግሁት። አልተኮማተረም፤ ደማ። ጠጋ ብዬ ሳይ ደግሞ ዳርና ዳሩ ላይ፣ ጤነኛ በሚመስለው ሥጋ ላይ፣ ጠፍጣፋ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ። ብዕር ቀለም ያፈሰሰበት ወረቀት ይመስላል። አልቅት ቀለም አያፈስም።

ፒንሳውን አስቀመጥሁ። ልጅቱን «የዛሬው መኪና ይለፋችሁ» አልኳት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዙር። የእኛ ሰው አፍ ውስጥ ጥቁር ማየት ብርቅ አይደለም። ቆዳችን እንደሚጠቁረው ሁሉ ድዳችንና ላንቃችን ላይ ጥቁር መስመር ወይም ነጠብጣብ ቢኖር ተፈጥሮ ነው። በዚያ ላይ ሴቶቻችን ለውበት ብለው ድዳቸውን ይነቀሳሉ። እና እኛ ሐኪሞችም ዓይናችን ለምዶታል። ጥቁር ካየን እናልፈዋለን። የተፈጥሮው ግን ጠፍጣፋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም በኩል ይመሳሰላል፤ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ያበጠ፣ በአንድ ወገን የበቀለ፣ የሚደማ ጥቁር ነገር ሌላ ነው። ናሙና ተወስዶ መታየት አለበት።

«ናሙና» ስል ልጅቱ ደነገጠች። «ዶክተር፣ ብረት ከነካው ይቆጣል ይባላል» አለች። ይህን ሳልሰማ የዋልሁበት ሳምንት የለም። ሰው ይህን የሚለው ያየውን አይቶ ነው። ታማሚው ዘግይቶ ይመጣል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ከሁለት ወር በኋላ ይሞታል። የገደለው ቢላው ይመስላል። ግን በሽታው ቀድሞውንም ተሰራጭቷል። ሜላኖማ ለተባለው፣ ቀለም ከሚሠሩ ሕዋሳት ለሚነሣው ካንሰርም ቢሆን ከእብጠቱ ትንሽ ቆርሶ መመርመር የታማሚውን ዕድሜ አያሳጥርም። ያለ ናሙና ሕክምና መጀመር ግን በጨለማ ድንጋይ መወርወር ነው። አባባ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና «ቁረጠው ልጄ፤ አልቅት ከሆነም ይሙት» አሉ።

ሁለት ቦታ ወሰድሁ፤ አንዱን ከጥቁሩ መሃል፣ አንዱን ከነጠብጣቦቹ። ደሙ 20 ደቂቃ ያህል አስጨነቀኝ፣ ከዚያ ቆመ።

ናሙናውን የምትመረምረው ፓቶሎጂስት በአምስተኛው ቀን ደወለችልኝ። በማይክሮስኮፕ ያየችው ትልልቅ የተረበሹ ሕዋሳትና ብዙ ቡናማ ቀለም ነው። ነገር ግን ቡናማ ሁሉ ሜላኒን፣ ማለት ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም፣ አይደለም። ለወራት ሲደማ የኖረ ሥጋ ውስጥ ከደሙ የቀረ ብረትም ቡናማ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ሁለት ማቅለሚያ ተጠቀመች። ብረትን ሰማያዊ የሚያደርገው ብዙም አልያዘም። ሜላኒንን የሚያጠቁረው ያዘ። ቀለም የሌለባቸው ሕዋሳትም ስለነበሩ ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ወይም ሌላ የጉሮሮ ካንሰር እንዳይሆን ማረጋገጥ ፈለገች። ናሙናው በሰም እንደተቀበረ በሰው እጅ አዲስ አበባ ተላከ። እዚያ ኤስ 100፣ ኤችኤምቢ 45ና ሜላን ኤ የሚባሉት የሜላኖማ ምልክቶች ሁሉም ተገኙበት። የተራው ካንሰርና የሊምፎማው ምልክት አልተገኘም። መልሱ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

የጉሮሮ ሜላኖማ። በትምህርት ዘመኔ መጽሐፍ ላይ አንብቤው ያለፍሁት፣ በዓይኔ አይቼው የማላውቅ ነገር።

ሜላኖማ ሲባል ሰው ፀሐይና ነጭ ቆዳ ነው የሚታየው። ይሄኛው ከፀሐይ ጋር ጉዳይ የለውም። ቀለም የሚሠሩት ሜላኖሳይት የተባሉ ሕዋሳት ፅንሱ ገና ሲፈጠር ከነርቭ መነሻው አጠገብ ተነሥተው ይሰደዳሉ። አብዛኞቹ ቆዳ ላይ ይሰፍራሉ። ጥቂቶቹ ግን መንገድ የሳቱ ይመስል አፍንጫ፣ አፍ፣ ጉሮሮ፣ ፊንጢጣና የሴት ብልት ውስጥ ይቀመጣሉ። እዚያም ካንሰር ሊሆኑ ይችላሉ። ከሜላኖማ ሁሉ በእንዲህ ያለው እርጥብ ሽፋን ላይ የሚነሣው ከ100 አንድ ገደማ ነው። ከዚያም ግማሽ ያህሉ ከአንገት በላይ ነው፤ ይበልጡን አፍንጫና በዙሪያው ያሉ ክፍተቶች ውስጥ፣ ቀጥሎ አፍ ውስጥ። ጉሮሮ ላይ የሚነሣው ከስንት አንዴ ነው።

ብርቅ ስለሆነ አንድ ነገር ማጣራት ነበረብን። ከሌላ ቦታ ፈልሶ ጉሮሮ ላይ አርፎስ ቢሆን? በጥቁር ሰው ላይ የቆዳ ሜላኖማ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የውስጥ እግር ላይ ወይም ጥፍር ሥር ነው። አባባን ኮንጓቸውን አስወለቅኋቸው። «ጉሮሮዬን አሞኝ እግሬን ታያለህ?» ብለው ሳቁ። ተረከዛቸውን በውሃ አጥቤ አየሁ። ጣቶቻቸውን መሃል ለመሃል፣ ጥፍራቸውን፣ የራስ ቆዳቸውን፣ አፍንጫቸውን አየሁ። የዓይን ሐኪሙ ዓይናቸውን ውስጡን አየ። ፊንጢጣቸውም ታየ፤ ይህን አልወደዱትም። የትም ምንም የለም። መነሻው ጉሮሮው ነው።

ሲቲ ስካኑ ሳንባቸው ንጹሕ መሆኑን አሳየ። አንገታቸው በግራ በኩል ግን 2 ሳንቲሜትር የሚሆን ንፍፊት አለ። በመርፌ ተመረመረ። እዚያም ገብቷል።

ልጅቱ «ስንተኛ ደረጃ ነው?» አለችኝ። መልሱ አስቸጋሪ ነው። ለዚህ በሽታ እብጠቱ የሚለካበት ቁጥር የሚጀምረው ከ3 ነው። 1ም 2ም የለውም። ያወጡት ሰዎች ረስተውት አይደለም፤ ሆን ብለው ነው የተዉት። የቱንም ያህል ትንሽ ሆኖ ቢገኝ አደገኛ ነው ማለታቸው ነው። ሽፋኑና ከሥሩ ያለው ሥጋ ላይ ብቻ ከሆነ 3፤ አጥንት፣ ለምለም አጥንት ወይም ጥልቅ ሥጋ ውስጥ ከገባ 4። የአባባ 3 ነው፤ ንፍፊት ተጨምሮበት።

ውጤቱ ተሟልቶ በእጃችን የገባው ጥምቀት ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ልጅቱ ለብቻዬ አግኝታ «እባክህ ለሳቸው አትንገር። ሲሰሙ ይሞታሉ» አለች። ይህንንም አውቀዋለሁ። ጥር 11ን ፋሲል ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ውለው እስኪመለሱ ልጠብቅ ተስማማሁ። ከዚያ ግን እሳቸው ራሳቸው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አልቅት ሥር ያወጣል?»

«አያወጣም፣ አባባ።»

«ይሄ ሥር አለው አይደል?»

«አለው።»

ልጃቸውን ዞር ብለው አዩዋትና «ይህን ሁሉ ቀን ብቻሽን ተሸክመሽው ኖሯል» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ሐኪም ሆኖ መዋሸት ከባድ ነው፤ አለመዋሸትም ቀላል አይደለም።

ለዚህ በሽታ የመጀመሪያው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው። ጤነኛ ሥጋ ዳር እስኪያዝ ድረስ ቆርጦ ማውጣት። በጉሮሮ ላይ ግን ዳር የሚባለው ያጥራል። ትንሽ ወደ ጎን ስትሄድ ዋናው የደም ሥር፣ ወደ ኋላ ስትሄድ የአከርካሪው ፊት ነው። እነዚያ ነጠብጣቦችም ያስጨንቃሉ፤ ካንሰሩ በዓይን ከሚታየው አልፎ በሽፋኑ ላይ ሊዘልቅ ይችላል። የካቲት መጀመሪያ ላይ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ገባን። ግራ ቶንሲሉን፣ የላንቃውን ግማሽ ከነእንጥሉ አወጣን። የግራ አንገታቸውንም ንፍፊቶች ጠረግን። 5 ሰዓት ፈጀ። (እንጥሉን ለመቁረጥ ምላጭ ይዞ የመጣው ሰው ትዝ አለኝ።) ሁለት ንፍፊቶች ተይዘዋል። ከላይ በኩል ያለው ዳር ለጥቂት ነው ንጹሕ የሆነው፤ አልተደሰትንበትም።

አባባን ያስመረራቸው ሕመሙ አይደለም። ላንቃ ሲጎድል የሚጠጣ ነገር ወደ አፍንጫ ይወጣል። ንግግርም በአፍንጫ ይሆናል። የመመገቢያው ቱቦ ወጥቶ ማኅበርተኞቻቸው ሊጠይቋቸው በመጡ ዕለት ጠላ ቀምሰው በአፍንጫቸው ፈሰሰ። ያን ቀን አለቀሱ። ካንሰር መሆኑን ሲሰሙ ያላለቀሱ ሰው። የጥርስ ሐኪሙ ክፍተቱን የሚደፍን እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚወልቅ ነገር ሠራላቸው። ሦስት ጊዜ ተስተካክሎ በአራተኛው ገጠመ። አጥሚትና ለስለስ ያለ ፍርፍር መዋጥ ቻሉ። ስለ ካንሰር ሲጻፍ እንዲህ ያለው ነገር ይዘለላል። ለታማሚው ግን ዋናው እሱ ነው፤ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ መብላት።

ከቀዶ ጥገና በኋላ ጨረር ያስፈልጋቸው ነበር። ጨረሩ በሽታው እዚያው ቦታ ተመልሶ እንዳይመጣ ይረዳል። ዕድሜ ያስረዝማል የሚል ማስረጃ ግን የለም። ይህንን ለቤተሰቡ በግልጽ ነገርኋቸው፤ ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ቤት ኪራይ አለ፣ ቀለብ አለ፣ አስታማሚ አለ። አንድ በሬ ተሸጠ። ጨረሩ በ6 ሳምንት ውስጥ ቢጀመር መልካም ነበር። ተራ የደረሳቸው በ11ኛው ሳምንት ነው። 30 ቀን፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በጠቅላላው 60 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መለኪያ ነው)። አፋቸው ቆሰለ፣ ምራቃቸው ደረቀ። ሰኔ ላይ 9 ኪሎ ቀንሰው ተመለሱ። «አዲስ አበባ ውሃው አይጥምም» አሉኝ። ውሃው አልነበረም፤ ምላሳቸው ነው።

ስለ አዲሱ መድኃኒትም ጠይቀውኛል። የልጃቸው ልጅ ስልኩ ላይ አንብቦ ነው። የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዳያጠቃ የያዘውን ፍሬን የሚለቁ መድኃኒቶች አሉ። ለዚህ ግኝት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። የቆዳ ሜላኖማን ታሪክ ቀይረውታል። የእርጥብ ሽፋኑ ሜላኖማ ግን ያን ያህል አይታዘዝም። አንዱ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ የሚያሳንሰው ከ4 ታማሚ በአንዱ ገደማ ነው፤ ሁለቱ ዓይነት አብረው ሲሰጡ ከ3 ከአንዱ ትንሽ ከፍ ይላል። ብራፍ በሚባለው ዘረመል ላይ የሚሠሩት እንክብሎችም ለቆዳው እንጂ ለዚህኛው እምብዛም ናቸው፤ ለውጡ ያለበት ጥቂቱ ነው። ኪት የሚባለው ላይ ለውጥ ያለባቸው አሉ፣ ለእነሱ ኢማቲኒብ ይሞከራል። ለአባባ ምርመራውንም አላገኘንም፣ የመከላከያውን መድኃኒትም የሚገዛ ኪስ አልነበረም። ሁሉንም በሬ ቢሸጡ አንድ ዙር አይሞላም። ይህን ስነግራቸው ልጁ ስልኩን አጥፎ ኪሱ ከተተው። እኔም አፈርሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ባይሆንም።

ያንን ዓመት ግን ኖሩት። በየሁለት ወሩ ይመጣሉ፣ በመብራት አያለሁ፣ አንገታቸውን እዳስሳለሁ። ጤፋቸውን ራሳቸው አጨዱ። አንድ ጊዜ ሽምብራ እሸት አመጡልኝና ስለ ደምቢያ ወባ አወሩኝ፤ አባታቸው የነገሯቸውን። በ1953 እ.ኤ.አ. ደምቢያን የፈጀው ወባ ነው በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ምክንያት የሆነው። «የናንተን ትምህርት ቤት ያስከፈትነው እኛ ነን፣ ታዲያ ወረፋ ለምን ታስጠብቁናላችሁ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

መጋቢት ላይ ሳል ይዘው መጡ። ጉሮሯቸው ንጹሕ ነው። ሳንባቸው ውስጥ ግን በሁለቱም ወገን ክብ ክብ ጥላዎች አሉ፤ ትልቁ 2 ሳንቲሜትር። ይህ በሽታ እንዲህ ነው። የነቀልክበትን ቦታ ትቶ በደም ይሄዳል። ከያዛቸው ሰዎች 5 ዓመት የሚሻገሩት ከሦስቱ አንዱ አይሞሉም።

ዳካርባዚን የሚባል የቆየ ኬሞ አለ። አባባ «ያድነኛል?» አሉ። «አያድንም። ለጥቂት ሰው እብጠቱን ለጥቂት ወራት ያሳንሳል» አልኳቸው። «እንግዲያ ቤቴ ልሂድ።» ሄዱ። የሞርፊን ሽሮፕ አዘዝሁላቸው። ቤተሰቡ መጀመሪያ ፈራው፤ «ሱስ ይሆንባቸዋል፣ ቶሎ ይገድላቸዋል» ብለው። ሕመም ላለበት ሰው በልኩ ሲሰጥ እንደዚያ እንደማይሆን ልጅቱን አስቀምጬ አስረዳኋት። ሆድ ስለሚያደርቅ አብሮ የሚያለሰልስ መድኃኒት ጨመርሁ። እሷ በስልክ ትነግረኛለች፣ እኔ መጠኑን አስተካክላለሁ። ትንፋሽ ሲያጥራቸውም ያው ሽሮፕ ረዳቸው።

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ሳይፈታ፣ ቤታቸው ዐረፉ።

ልጅቱ መስከረም ውስጥ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ከቦርሳዋ የተረፈውን የሞርፊን ጠርሙስና ያንን የላንቃ መድፈኛ አወጣች። ሞርፊኑን በመዝገብ ፈርመን ተረከብናት። መድፈኛውን «ለሌላ ሰው ይሆናል?» አለች። ለአንድ ሰው ልክ የተሠራ ስለሆነ አይሆንም አልኳት። መልሳ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው።

ወደ በሩ ሄዳ ቆመች። «ዶክተር፣ በዘር ይመጣል?» አለች።

የእሳቸው ዓይነት በቤተሰብ የሚዘዋወር ተብሎ አይታወቅም። ይህንኑ ነገርኋት። ፊቷ አላመነኝም። ወንበሩ ላይ አስቀምጬ መብራቱን ግንባሬ ላይ አሰርሁ። አፏን ከፈተች። ድዷ በልጅነቷ የተነቀሰ ነው፤ ዙሪያውን እኩል የጠቆረ። ምላሷን ዝቅ አድርጌ በግራም በቀኝም አየሁ። ሁለቱም ቶንሲል ሮዝ ነው።